የጋሽ አንጁሎ ጥቁር መነጽር

ጋሽ አንጁሎ መሞቱን የሰማሁት ሶዶ ገበያ ላይ ነው። ከዲምቱ በቆሎ ጭኖ የመጣ መኪና ረዳት፣ ጆንያ እያወረደ ለጓደኛው ሲያወራ፣ «የወፍጮ ቤቱን በያጅ ቀበርነው እኮ» አለ። እኔ ጎደሬ እየመረጥኩ ነበር። ጎደሬውን ጣልኩና «የትኛውን በያጅ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አንጁሎን ነዋ። ያንን ባለ ጥቁር መነጽር።»

እንደ ዋዛ ተናግሮ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔም ልገዛ የመጣሁትን ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጄ አስቴር ከሻንቶ መጥታ ነበር፤ እዚያ ትንንሽ ልጆች ታስተምራለች። ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቁጭ አለችና ቀሚሷን ትንሽ ሰብስባ እግሯ ላይ ያለውን ብረት በመዳፏ ያዘችው፤ የሰው እጅ እንደሚያዝ ነው የያዘችው። ከዚያ «እማ፣ አንቺ ጻፊው» አለችኝ። «እኔ ትንሽ ነበርኩ። ሁሉንም ያየሽው አንቺ ነሽ።»

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሴቶች ጋር ሆኜ ነው፤ መዝሙር ለማንበብ ያህል። የተሳሳተ ካለ አልፋችሁ አንብቡልኝ። ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም አስቀድማችሁ እወቁት። ከአስቴር በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ንፋስ ሲነፍስ እፈራለሁ፣ ዝናብ ሲዘንብ እፈራለሁ፣ ሁሉም ጸጥ ሲል ደግሞ ምን ሊመጣ ነው ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ የዳሞታ ተራራ ይናድብናል ብለሽ ነው የምትኖሪው?» እያለ ይስቅብኛል።

አስቴር መሮጥ ከጀመረች በኋላ ነው ትኩሳት የያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ግራ እግሯ ሰለለ። አዘልኳት። አደገች፤ አሁንም አዘልኳት። እግሯ ጉልበቴ ጋ እየደረሰ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይሳቀቃል፤ እኔ ግን ጀርባዬ ላይ እስካለች ድረስ ምንም አይነካትም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እኩዮቿ ትምህርት ቤት መግባት ሲጀምሩ ከክሊኒክ አንድ አሮጌ የብረት ድጋፍ ሰጡን። ሌላ ልጅ ሲያደርገው የኖረ ነው። ከጫማው ተነስቶ በእግሯ ግራና ቀኝ እስከ ጭኗ ይወጣል፤ በቆዳ ይታሰራል። በእሱ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ተሰበረ።

ማንቆርቆሪያና ኩራዝ የሚጠግን ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። በእርሳስ አጣብቆ ሰጠኝ፤ ሲያብረቀርቅ ያምራል። ያንኑ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ በሰው መሀል፣ ብረቱ ቀጭ አለና ልጄ በአፍጢሟ ተደፋች። አገጯ ተሰነጠቀ። ደሙን በነጠላዬ እየጠረግሁ ወሰንኩ፤ ልጄ ከቤት አትወጣም። ትምህርቱም ይቅር። ተቀምጣ ትኑርልኝ።

«አንጁሎ ይበይደዋል» አለ ባለቤቴ። እሱ በመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ስለነበረ ያውቀዋል።

«ማን? ያ ቡዳ?»

«በያጅ ነው ያልኩሽ።»

ያን ጊዜ «ጋሽ» የሚለው ሰው አልነበረም። አንጁሎ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ የሠራውን መቆፈሪያና ቢላዋ ሁሉም ይገዛዋል፤ ከቀጥቃጭ ጋር ግን አይበላም፣ ቤቱ አይገባም፣ ልጁን አይድርለትም። ዐይኑም ይፈራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ ከንቱ ነው ብለው ያስተምሩናል፤ እኛም አሜን እንላለን። ወጥተን መንገድ ላይ ቀጥቃጭ ስናይ ደግሞ ልጃችንን በነጠላ እንሸፍናለን።

የአንጁሎ ከአባቱ የባሰ ነበር። ካምፕ ውስጥ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ በጋዝ መበየድ ተምሮ፣ ሶዶ ከገበያው በላይ የቆርቆሮ ዳስ ሠርቶ ሥራ ጀመረ። ካርባይድ የሚሉትን ድንጋይ በርሜል ውስጥ ውሃ ሲያስነካው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ይወጣል። ከቱቦው ጫፍ ሰማያዊ እሳት ያፏጫል። ጥቁር መነጽሩ ሲሠራም ዐይኑ ላይ ነው፣ መንገድ ሲሄድም ዐይኑ ላይ ነው። ልጆች ሊያዩ ሲሰበሰቡ «ዞር በሉ! ወደዚህ አትዩ!» ብሎ ይጮኽባቸዋል። ከተማው ይህን ሰምቶ ፈረደ። ዐይኑ ሰው እንደሚበላ እሱ ራሱ ያውቃል፤ ለዚህ ነው በጥቁር መስታወት የከደነው ተባለ። እኔም አመንኩ።

ባለቤቴ በማግስቱ ይዞት መጣ። አንጁሎ አጥሩ ጋ ቆመ፤ ካልጠሩት አይገባም። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ ሰው ነው። ሲጠራ ገብቶ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። አስቴርን በነጠላዬ ሸፍኜ ይዣታለሁ፤ እሷ ግን በጨርቁ ጠርዝ አሾልካ ታየዋለች።

«መነጽርህ ለምን ጥቁር ሆነ?» አለችው።

«ለእናትሽ ነው» አላት።

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የተሰበረውን ብረት አገላብጦ አየና እርሳሱን በጥፍሩ ፈነቀለው። እንደ ደረቀ ገንፎ ተነሳለት።

«ይሄ አልተበየደም፣ የአስቴር እናት። ተለጥፎ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩ፣ ፊቴን ወደ እንሰቱ አዙሬ።

«እዚህ ላይ የቀለጠው እርሳሱ ብቻ ነው። ብረቶቹ አልቀለጡም፤ እንደማይተዋወቅ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብየዳ የሚባለው ሁለቱም ብረቶች ጫፋቸው ቀልጦ አንዱ ሌላው ውስጥ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲያ የት ላይ ተለያይታችሁ ነበር ብትያቸው ራሳቸውም አያውቁት።»

ክር አውጥቶ እግሯን ለካ። እጁ እንዳይነካት ክሩን ባለቤቴ ያዘለት። እሱ ከሩቅ ሆኖ በጥቁር መነጽሩ እያየ ክሩ ላይ ቋጠሮ አሰረ። የኔ ዐይን ከመነጽሩ አልተነሳም፤ ትንሽ ዝቅ ካለ ልጄን ይዤ ልሮጥ ነው።

አዲስ ብረት ሠርቶ ሲመለስ፣ ገና ግቢው መሀል እንደደረሰ፣ ብረቱን ከፍ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ድንጋይ ላይ ወረወረው። ጮህኩ። አነሳና አሁንም ወረወረው።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«አሁን ይሰበር፣ እኔ ፊት እያለ» አለ። ይህን ቃል ከእሱ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ጋሪም ይሁን የበር ማጠፊያ፣ ሥራውን ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት ከድንጋይ ጋር ያጋጨዋል። ከዚያ አንስቶ ጆሮው አጠገብ ይይዝና በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ያዳምጠዋል።

ብረቱ አልተሰበረም። እግሯ ላይ ስናስረው ግን ጉልበቷን ነከሳት፤ አስቴር እሪ አለች። ባለቤቴ ሲፈታላት አንጁሎ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ብየዳው ደህና ነው፤ ልኬቱ ነው የተበላሸው» አለ። «በዚህ መነጽር እሳት አያለሁ እንጂ የልጅ እግር አላይም። ጉልበቷ የሚታጠፍበትን ቦታ ስቼዋለሁ። መነጽሩን ማውለቅ አለብኝ። በእጄም መንካት አለብኝ።» ከዚያ ወደ መሬት እያየ «አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አላደርገውም» አለኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ያዩን ነበር። አባታቸው ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እንደ እኔው ሶዶ ነው ያደጉት። «እንዳታደርጊው!» አሉኝ። «የቀበርሻቸው አይበቁሽም?»

ባለቤቴን ባየው አንገቱን ደፍቷል። አስቴርን አየኋት። ጉልበቷን ይዛ ትነፋረቃለች፤ በሌላ እጇ ግን ያንን የነከሳትን ብረት ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ልወስድባት እጄን ብሰድ ሸሸችኝ። ይህች ልጅ መሄድ ትፈልጋለች። እኔ ነኝ የማልፈልገው።

«አውልቀው» አልኩ።

አወለቀው። እኔ ምን ጠብቄ እንደነበር ልንገራችሁ ብል ትስቁብኛላችሁ። የሰው ዐይን ነበር። የቀላ፣ ውሃ ያቀረረ፣ ሽፋሽፍቱ በእሳት የተለበለበ፣ በጣም የደከመ ዐይን።

«እማ፣ ዐይኑን አሞታል» አለች አስቴር። ለቅሶዋን ረሳችው። «ያምሃል?»

«ጭስ ሲገባው።»

«እፍ ልበልልህ?»

እኔ እንቢ ሳልል እሷ ጎንበስ ብላ ሁለቱም ዐይኖቹ ላይ እፍ አለችለት። አንጁሎ ሳይነቃነቅ ፊቱን ሰጥቷት ቆየ። እትዬ ዘነበች አማተቡ። «ዳነ» አላት እሱ፤ ከዚያ ጉልበቷን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ዳበሰ። አጥንቷን ሲፈልግ ትንፋሹን እንኳ ይቆጥብ ነበር።

በማግስቱ ብረቱን ሲያስተካክል ዳሱ ድረስ ሄድኩ። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው፤ የሚፈራውን ካላየ እንቅልፍ የለውም። እዚያ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሌላው አለቃ ገብሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን የዕጣን ጽና ይዘው መጥተዋል፤ የሰንሰለቱ ማንጠልጠያ ተነቅሏል። ሁለቱ ይከራከራሉ።

«ይህ የጣሊያን ሥራ ነው» ይላል ሹፌሩ። «ሳልዳቱራ ነው የሚሉት። ብየዳ ብለን ስም ያወጣንለት እኛ ነን።»

«ወግድ!» አሉ አለቃ። «ጣሊያን ይህን አገር ሳያውቀው ብየዳ ነበረ። አያቴ ጎንደር ሳሉ የብር መስቀል ክንፉ ሲሰበር አንጥረኛ ጋ ይወስዱት ነበር፤ በይዶ ይመልስላቸዋል። ቃሉ የአንጥረኞች ነው።»

አንጁሎ ሥራውን አቆመ። «አለቃ፣ እዚያ አንጥረኛ ከሰው ጋር ይበላል?»

አለቃ ጢማቸውን አሻሹ። «አይበላም። እዚያም ቡዳ ነው የሚሉት።»

«ቃሉን የሰጡት ግን እነሱ ናቸው?»

«ማን ይስጠው ታዲያ? የሚበይዱት እነሱ!»

የአንጁሎን ጥርስ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ለካስ ጎንደር ዘመድ አለኝ!» ብሎ ሳቀ። አለቃም ሳቁ፤ ሹፌሩ ደግሞ «እንግዲህ ለሠርግህ ጥራቸው» አለው።

«አባትህስ ምን ይሉት ነበር?» አልኩት እኔ። መናገሬ ራሴንም ገረመኝ።

«አባቴ ስም አላወጣለትም። ‹አሁን!› ነበር የሚለው» አለ። «ሁለቱን ብረት ከሰል ውስጥ ይከታቸዋል። እኔ ወናፉን እነፋለሁ። ይቀላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል፤ ብልጭታ መትፋት ይጀምራል። ደቃቅ አሸዋ በተን ያደርግበትና አውጥቶ ያነባብራቸዋል። ‹አሁን!› ሲል እንመታለን። ትንሽ ከቸኮልክ አይያያዝም። ትንሽ ከዘገየህ ብረቱ ይቃጠላል። ጋዙም ያው ነው። ብረቱ ቀልጦ ትንሽ ኩሬ ይሠራል፤ ሁለቱ ኩሬዎች ሲገናኙ እኔም በሆዴ ‹አሁን› እላለሁ።»

እኔ ስለ ቃሉ የማውቀው ይህችን ክርክር ብቻ ነው። የተማረ ሰው ሌላ ይል ይሆናል።

እሳቱን ሲለኩስ «ዞር በይ፣ የአስቴር እናት፤ ብርሃኑ ዐይን ይጎዳል» አለኝ። ዞርኩ። የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ጥላዬ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነው የገባኝ። ልጆቹ ላይ የሚጮኸው ለዚህ ኖሯል! እሳቱ ሲጠፋ ተቆጣሁት።

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም? ከተማው የሚልህን አልሰማህም?»

«መጀመሪያ ነግሬአቸው ነበር። ብርሃኑ ያሳውራል ስላቸው እስቲ እንሞክር ብለው ቀረቡ። ቡዳ ነው ከተባለ ወዲህ ግን ይዞራሉ።» ብረቱን ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ቸስ አለ። «ይዙሩልኝ እንጂ በፈለጉት ምክንያት ይዙሩ።»

«መንገድ ላይስ ለምን ታደርገዋለህ?»

«መንገድ ላይ እናቶች ይደነግጣሉ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ አንጁሎ ነው ያልኩት።

አስቴር የተራመደችው በማለዳ ነው። ብረቱን አሰርንላት፤ አልነከሳትም። እኔ በሁለት ብብቷ ይዣታለሁ። ጋሽ አንጁሎ ከፊቷ፣ መነጽሩን ኪሱ ከቶ፣ ተንበርክኳል።

«ልቀቂያት» አለኝ።

«እሺ።»

«አለቀቅሽም።»

«እለቃለሁ አልኩህ!»

«እማ፣ አሳመምሽኝ» አለች አስቴር። እጆቼ ብብቷ ውስጥ ገብተው ኖሯል። ጋሽ አንጁሎ አልተቆጣም። እግሯን ብቻ ያያል። ብረቱ ቀጥ ብሎ ክብደቷን ሲቀበል አይቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አሁን» አለ። እኔም ለቀቅኩ። እንሰቱ ድረስ ሄደች። ግንዱን አቅፋ ዘወር ብላ አየችንና ሳቀች። ከዚያ ሳትጠራ ተመለሰች። ትምህርት ቤት ሲከፈት በር ድረስ ሸኘኋት፤ ውስጥ ግን ብቻዋን ገባች።

ልጅ ያድጋል፣ ብረት አያድግም። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ አንጁሎ መጥቶ እግሯን ይለካል፤ ብረቱን ቆርጦ ቁራጭ ይቀጥልበታል። ዲምቱ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ከሄደ በኋላም በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይመጣል። የአስቴር ብረት እንደ ቀርከሃ አንጓ በአንጓ ሆነ። ማታ እግሯን ስታጥብ አንጓዎቹን እየነካች «ይሄ አንደኛ ክፍል፣ ይሄ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ፣ ይሄ ደግሞ አማርኛ የበለጥኩበት» ትላለች። እሱ ሲመጣ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። መጀመሪያ ሰው አወራ፤ ከዚያ ማውራቱ ሰለቸው። እትዬ ዘነበች እንኳ የብረት አልጋቸው ሲሰበር «እስቲ ያንን ሰውዬሽን…» ብለው ላኩብኝ። «የትኛውን ሰውዬ፣ እትዬ?» አልኳቸው። «ኤዲያ! ጋሽ አንጁሎን ነዋ!» አሉ፣ ፊታቸውን ከስክሰው።

እኔ ግን መፍራቴን አልተውኩም። በየዓመቱ አዲሱ ብየዳ ይለቅ ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ። በየዓመቱም እሱ ድንጋይ ላይ ይወረውረዋል፣ እኔም እጮኻለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው አስቴር ወደ ሻንቶ ለማስተማር የምትሄድ ዕለት ነው። አርጅቷል፤ ያስለው ነበር። በር ላይ አስቀምጧት ክሩን ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ እስከ ጭኗ ዘረጋ። ክሩን ብረቱ ላይ አስተኛው። እንደገና ለካ። ከዚያ ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«በቃ» አለ።

«ምኑ ነው የበቃው?»

«አላደገችም።»

ደነገጥኩ። «ምን ሆነች? ታመመች?»

«ምንም አልሆነችም። አድጋ ጨረሰች። የሚቀጠል የለም።»

አስቴር ስቃ ሻንጣዋን ልታወጣ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ክንዱን ያዝኩት። «እና ከእንግዲህ አትመጣም? ሻንቶ ብትወድቅስ? ዝናብ ቢሆንስ፣ ጭቃ ቢሆንስ፣ እኔ ሳልኖር ብረቱ ቢሰበርስ?»

«ብረት ነው፣ ሊሰበር ይችላል። ይህን ያህል ዓመት ሲበየድላት ኖራለች፤ ማን ጋ እንደምትወስደው ታውቃለች።» ያ የደከመ ዐይኑ ሳቀ። «አንቺ ስትፈሪ እሷ አድጋ ጨረሰች እኮ፣ የአስቴር እናት።»

የሻንቶው መኪና መንገዱ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። አስቴር ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ሁለታችንንም ሳመችና በአጥሩ በር ወጥታ ቁልቁለቱን ወረደች። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል። ሻንጣው ከብዷት ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብላለች። ልያዝልሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ጋሽ አንጁሎ አጠገቤ ቆሞ የእግሯን ብረት ያያል።

አፌን ዘጋሁት። እሷም ሻንጣውን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ወረደች።